ግራና ቀኝ፣ ፊትና ደጀን

ልጅ ሳለሁ «ግራዝማች» የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር መንዝ ወደ አያቴ ዘንድ ስንላክ፣ ባናቸውን ደርበው ምድጃ ዳር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ። አገሩ ሁሉ «ግራዝማች» ይላቸዋል። ትርጉሙ «የግራ አዝማች» መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እሳቸው ግን አንድም ቀን የግራ ክንፍ መርተው አያውቁም።

ይህን ያስታወሰኝ የኮምፒዩተር ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሶፍትዌር ባለሙያዎች «ዩ.ኤም.ኤል.» የተባለ የጋራ የሥዕል ቋንቋ አጸደቁ። በ2003 ደግሞ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የጦር ሥርዓቱ አወቃቀር የሚገለጽበትን ማዕቀፍ አወጣ። ቆይቶም ሁለቱ ተጣመሩ። ዓላማው አዛዡም፣ መሐንዲሱም፣ ገንዘብ ከፋዩም አንድ ሥዕል አይተው አንድ ነገር እንዲረዱ ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ወረቀት አላስፈለጋቸውም። የንጉሡ ድንኳን መሐል ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። ሠራዊቱ ነገ ሌላ ሜዳ ላይ ቢያድርም ሥዕሉ ያው ነው። መሽቶበት የደረሰ ወታደር የንጉሡን ድንኳን ካየ የጌታውን ሰፈር አያጣም። ማዕረጉ ራሱ ካርታ ነበር።

ከመንዝ የተነሡት የሸዋ ገዥዎች ይህን ቋንቋ አሳምረው ያውቁ ነበር። እነ አስፋ ወሰን የያዙት ማዕረግ «መርዕድ አዝማች» ነው። ልብ በሉ፤ ማዕረጉ ግራም ቀኝም አይልም። እንደ እኔ ግምት፣ ከጎንደር የራቀ ገዥ የሌላ ሰው ክንፍ አለመሆኑን የተናገረበት ስም ነው። የልጅ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ «ንጉሥ» ሲባሉ መሐሉ ወደ ሸዋ መጣ። በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ የሾሟቸው ኃይለ ሚካኤል መልሰው «መርዕድ አዝማች» ብቻ ሆኑ። አንድ ቃል ተለወጠ፤ የአገሩ አወቃቀርም ተለወጠ።

ኋላ ቃሉና ነገሩ ተለያዩ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ «ፊት» የነበረው አዲስ አበባ ተቀመጠ። ማዕረጎቹ በ1967 ዓ.ም. እስኪሻሩ ድረስ፣ ግራ ክንፍ የሌለው ግራዝማች በየወረዳው ሞልቶ ነበር።

የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አያቴ የእናታቸውን እናት ሲያነሡ፣ ዘመቻ ወፍጮ ተሸክመው እንደሄዱ ይናገሩ ነበር። ያ ሁሉ ጦር የሚያድረው እንዲህ ባሉ ሴቶች ፍጭና በጭነኛው ጀርባ ነበር። ፊቱም፣ ቀኙም፣ ግራውም ስም ሲኖረው፣ ወፍጮ ተሸካሚዋ በሥዕሉ ላይ ቦታ የላትም። ዛሬ በኮምፒዩተር የጦር ሥዕል የሚነድፉትን አግኝቼ ብጠይቃቸው፣ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፦ ወፍጮውን የተሸከመው የቱ ጋ ነው?