ሪቮልቨር ለመስክ ጉዞ፦ መልካሳና አዋሽ ዳር

ሪቮልቨር ጥይቱን በካርታ ሳይሆን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዝ ሽጉጥ ነው። ሳሙኤል ኮልት በ1836 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ከበሮው በዞረ ቁጥር አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። ስድስት ጥይት የሚይዘው ስድስት ጎራሽ ይባላል። «ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ልብስ ሥር ተሸጉጦ የሚያዝ መሣሪያ መሆኑን ይናገራል። በአገራችን ታሪክ ስሙ የገነነው ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ በስጦታ የላከችላቸው፣ እሳቸውም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡት ነው።

ለመንገድ ከሚያዙት ሁሉ ትንሹ፣ በተለምዶ «ሃያ ሁለት» የሚባለው ባለ 5.6 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ረጅሙ ጥይት በ1887 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን እርሳሱ 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሚቀመጥ አንዳንዴ ሳይተኩስ ይከሽፋል። እዚህ ላይ ሪቮልቨር ይጠቅማል፤ ምላጩን ደግሞ መሳብ ብቻ ከበሮውን ወደ ቀጣዩ ጥይት ያዞረዋል። ቀላል ነው፣ አይረግጥም፣ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ጉልበቱ ግን ከአጭር አፈሙዝ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ጁል በታች ነው፤ የክላሽ ጥይት 2,000 ጁል አካባቢ አለው።

ልዩነቱ መልካሳ ላይ ትርጉም አለው። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ አጠገብ ያለችው ይህች ከተማ በግብርና ምርምር ማዕከሏ ትታወቃለች። ከእሷ ተነሥቶ ወደ ሶደሬ ፍልውኃ ወይም ወደ ቆቃ ሐይቅ ለሚሄድ መንገደኛ የሚያሰጉት አዞ፣ ጉማሬና ጅብ ናቸው። ጉማሬ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ በ«ሃያ ሁለት» የተመታ ጉማሬ አይወድቅም፣ ይቆጣል እንጂ። የአዞም የራስ ቅል ለዚህ እርሳስ ከባድ ነው። ጅብን በሌሊት የሚያርቀው ብርሃን፣ ጩኸትና አብሮ መሄድ ነው። እባብን በሽጉጥ መምታትማ ለሠለጠነ ተኳሽም ያስቸግራል፤ ራቅ ብሎ ማለፍ ይሻላል። ያበደ ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ሕይወት ያድናል። የእብድ ውሻ በሽታ በላቦራቶሪ የሚረጋገጠው ከውሻው አንጎል ስለሆነ ጭንቅላቱን በጥይት መምታት ምርመራውን ያበላሻል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለዚህ አካባቢ «ሃያ ሁለት» ሪቮልቨር የመከላከያ መሣሪያ አይደለም፤ ዒላማ ለመለማመጃ ይሆናል።

ፈቃድ ኖሮት የሚመርጥ ሰው ከአፈሙዝ ርዝመት ይጀምር። 10 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው ከባለ 5 ሴንቲሜትሩ ይልቅ ያስተካክላል፣ ጆሮንም በመጠኑ ይምራል፤ ያም ሆኖ ጆሮ ሳይሸፍኑ መተኮስ ይጎዳል። የስምጥ ሸለቆ የበጋ አቧራ ደቃቅ ነው። ቀለሁን ገፍቶ በሚያወጣው ኮከብ ሥር ከገባ ከበሮው አልዞርም ይላልና አፎቱ የሚከደን ይሁን፣ ማታ ማታም ይጠረግ። ላብ ደግሞ ያዝገዋል፤ የማይዝግ ብረት ይመረጣል። መቺው በእጅ የሚሳብ አሮጌ ሪቮልቨር ከወደቀ በራሱ ሊተኩስ ይችላል፤ ስለዚህ ከመቺው ፊት ያለው ቀዳዳ ባዶ ሆኖ ስድስት ጎራሹ በአምስት ጥይት ብቻ ይያዛል።

ሕጉ ከምርጫው ይቀድማል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የአደን ፈቃድ ከሌለው ማደን አይችልም። ከመልካሳ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚዘልቅ መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ ፓርኩ ውስጥ መግባት ክልክል መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ይወቅ።