እርም ያልወጣላቸው
ስለ ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ጓዶችና ስለ መታሰቢያቸው

ደብረ ዘይት ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በድንኳኑ ውስጥ፣ ከቤተ ዘመዱም ከእድርተኛውም ለየት ብሎ የሚቀመጥ የሽማግሌዎች ረድፍ ይኖራል። ፀጉራቸው ነጭ ነው፤ አቀማመጣቸው ግን ዛሬም ቀጥ ያለ ነው። የደንብ ልብስ ካወለቁ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አሁንም «ሻምበል»፣ «ሻለቃ» እየተባባሉ ይጠራራሉ። አንዱ ሊሄድ ሲነሣ ሌሎቹም አብረው ይነሣሉ። እነሱ ከመጡ ሟች የነሱ ሰው ነው ማለት ነው፤ ወይ አብራሪ፣ ወይ የሞተር ባለሙያ፣ ወይ ቦምብ ጫኝ፣ ወይ ፓራሹት አጣጣፊ የነበረ።

እኔም ከእንዲህ ያለው ረድፍ አጠገብ ተቀምጬ ያመሸሁት በአንድ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ለቅሶ ላይ ነበር። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሳዳምጥ ወሬያቸው ስለ ሟቹ አልነበረም። በኦጋዴን ጦርነት ወጥቶ ስላልተመለሰ፣ አስከሬኑም ስላልተገኘ አንድ ጓደኛቸው ነበር። ለእሱ በጊዜው ድንኳን አልተተከለለትም። ስለዚህ የሌላ ሰው ድንኳን በተተከለ ቁጥር የእሱን ስም ያነሡታል። ያን ምሽት የገባኝ ነገር ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ፤ እነዚህ ሰዎች የሚለቀስለትንም የማይለቀስለትንም ባንድ ድንኳን ያለቅሱ ነበር።

ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች እንዲህ ያስተሳሰራቸው ምንድን ነው? የወደቁባቸውንስ እንዴት ያስታውሳሉ? አገርስ እንዴት አስታወሰቻቸው?

ከፖቴዝ እስከ ሚግ

እንደሚታወቀው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈረንሣይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የበረራ ክንፍ ለመልበስ በቁ። የፋሺስት ወረራ ሲመጣ ግን አገሪቱ የነበሯት ጥቂት አሮጌ አውሮፕላኖች ከመልእክተኛነትና ከመጓጓዣነት ያለፈ ሥራ ሊሠሩ አልቻሉም። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከኢትዮጵያ ጎን የቆመው በዚያ ዘመን ነው። ከነጻነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ በዚሁ አገር ቀረ።

በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረው ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን፣ ከነጻነት በኋላ የዛሬውን አየር ኃይል ከመሠረቱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ቢሾፍቱ የበረራ ትምህርት ቤት የተከፈተው፣ ሳፊርና ሳብ 17 የተባሉት የስዊድን አውሮፕላኖች የመጡት በእሱ ዘመን ነው። ቀጥሎ አሜሪካኖች መጡ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኤፍ-86፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ኤፍ-5 ገባ። በ1954 ዓ.ም. 4 የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ጀቶች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ተራው የሶቪየትና የሚግ ሆነ።

በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ትውልድ፣ ሦስት የውጭ ቋንቋ ማለት ነው። አንዱ የስዊድን፣ አንዱ የአሜሪካ፣ አንዱ የሶቪየት ልጅ ነው። በጨዋታ መካከል መነካካቱ አይቀርም። የአሜሪካው ተማሪ ሚግን ያናንቃል፤ የሶቪየቱ ተማሪ መልሶ መለዋወጫ አጥቶ የቆመውን ኤፍ-5 ያስታውሰዋል። የሞት ወሬ ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ ድንኳን ይገባል።

ኮርስ፣ ግቢና እድር

ጦር ሠራዊት ሁሉ ጓደኝነት አለው። የስኳድሮን ጓደኝነት ግን የራሱ ጠባይ አለው። እግረኛው ጦር ብዙ ነው፤ አብሮ ይዘምታል፣ አብሮ ይዋጋል። በስኳድሮን ውስጥ ግን የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፤ የሚቀሩት ይበዛሉ። አንድ ሰው ወደ ሰማይ እንዲወጣ ብዙ ሰው መሬት ላይ ይሠራል። አብራሪው ወደ ኮክፒት ሲገባ ቀበቶውን የሚያጠብቅለት፣ መሰላሉን የሚያነሣለት ቴክኒሽያን ነው። ከዚያ በኋላ የመሬት ሰው ሥራ መጠበቅ ይሆናል። የወጡትን አራት ብሎ ቆጥሮ ነበርና የሚመለሱትንም ይቆጥራል። ሦስት ብቻ ሲመለሱ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከሟች እናት በፊት፣ ከሟች ሚስት በፊት። የጠፋው አውሮፕላን የእሱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዞት ያድራል፤ የጠላት ጥይት ነው ወይስ እኔ ሳላጠብቅ የተውኩት ብሎን?

ይህ አብሮ የመጠበቅ ኑሮ ነው ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማው የገባው። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተብላ፣ ኋላም ወደ ጥንት ስሟ ተመልሳ፣ ከሐይቆቿና ከጋሪዎቿ ጋር ያደገችው ከአየር ኃይሉ ጋር ነው። ሚስቶች በአንድ ወፍጮ ቤት ያስፈጫሉ፣ ልጆች ባንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፣ እቁቡም ማኅበሩም የሚጠጣው እዚያው ነው። ባል ግዳጅ ሲወጣ ጎረቤት ሚስቶች ሰበብ ፈልገው ቡና ያፈላሉ፤ ማንም ስለ በረራው አያነሣም። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ግን ሲኒ የያዘ እጅ ሁሉ ባለበት ይቆያል።

የዚህ ሁሉ ማሰሪያ «ኮርስ» የሚሉት ነገር ነው። አብረው ተመልምለው፣ አብረው ሠልጥነው፣ አብረው ክንፍ የለበሱ ሰዎች እስከ መቃብር «የኮርስ ጓደኛ» ናቸው። አንዱ ጄኔራል ሆኖ ሌላው በመቶ አለቅነት ቢቀር ዝምድናው አይላላም። የሟች ልጅ ሲዳር የኮርስ ጓደኛ አባት ሆኖ ይቆማል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎች ወደ ውጭ አገር ሲበተኑም ይኸው ዝምድና ባሕር ተሻገረ፤ ደብረ ዘይት ላይ ሰው ሲሞት አሜሪካ ያለው በስልክ ያለቅሳል፣ ገንዘብ ያዋጣል፣ ለሙት ዓመቱ ጸበል ጻዲቅ ያዘጋጃል።

አስከሬን የሌለው ለቅሶ

በባህላችን ሰው ሲሞት ወጉ የታወቀ ነው፤ መርዶ፣ ቀብር፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ሰው ከቤቱ ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ባይመጣ እንኳ ብልሃት አለ። ልብሱ ይወጣል፣ ፎቶግራፉ ይያዛል፤ በጥንቱ ዘመን የጦረኛው ጋሻና ጦር ወጥቶ፣ ፈረሱ በአደባባይ ተስቦ ይለቀስ ነበር። ይህ እርም ማውጣት ነው። እርሙን ያላወጣ ሰው ኀዘኑን አልጨረሰም።

ችግሩ እርም ለማውጣት መርዶ ያስፈልጋል። ዒላማው ላይ ደርሶ ላልተመለሰ አብራሪ መርዶ የሚነግር ማን ነው? ፓራሹቱ ሲዘረጋ አይተናል የሚል ጓደኛ ካለ ተስፋ አለ። ተስፋ ካለ ደግሞ ማልቀስ ሟርት ይሆናል።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በገፍ ሲገባ አየር ኃይሉ አስጨናቂ ሁኔታ ላይ ነበር። ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጠናል፤ መለዋወጫው የለም፤ የሶቪየት መሣሪያ ገና አልገባም። በወዲያኛው ወገን በሶቪየት የሠለጠኑ አብራሪዎች ሚጎች አሰልፈዋል። ጥቂቶቹ ኤፍ-5ዎች በቴክኒሽያኖች እጅ እየተጠገኑ ሰማዩን ያዙ፤ የጦርነቱን መልክ ለመለወጥም ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በዚያው በጦርነቱ መባቻ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ የአየር ኃይሉ አስተማሪ የነበረው ቮን ሮዘን በ67 ዓመቱ ለተራቡ እህል በማድረስ ሥራ ላይ ሳለ ጎዴ ላይ ተገደለ። መምህሩና ተማሪዎቹ ባንድ ጦርነት ተገናኙ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች።

ከድል በኋላ ግን ያልተመለሱ ነበሩ። ኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወድቀው 11 ዓመት ታሰሩ። የተመለሱት ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. ተስማምተው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ እስረኛ ሲለዋወጡ ነው። 11 ዓመት ማለት ሲሄዱ ጡት ይጠባ የነበረ ሕፃን አንድ ክንድ አድጎ የሚቆይበት ዘመን ነው።

ለገሠ ተመለሱ። የኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1976 ዓ.ም. በሻዕቢያ ተማርከው ዓመታት ታስረው ተለቀቁ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጫር እንደገና ወደ ኮክፒት ገቡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ማብቂያ ላይ አሥመራ ላይ ተመትተው ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። ኤርትራ በ1994 ዓ.ም. የቀሩትን የጦር እስረኞች ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል አልነበሩም። በ2010 ዓ.ም. ድንበር ተከፍቶ፣ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ አሥመራ ሲበር፣ ሰው ዘመዱን ሲያቅፍ፣ እሳቸው አልመጡም። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ያዘመተች አገር ለቤተሰቡ መርዶ ወይም የምሥራች መጠየቅ ግዴታዋ አይደለምን?

ሜዳልያና ዝምታ

የአየር ኃይሉን ሰዎች ኀዘን ያከበደው ሌላው ነገር የመንግሥት መለዋወጥ ነው። የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ሌተና ጄኔራል አሰፋ አየነ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ሹማምንት አንዱ ናቸው። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ዐምሃ ደስታ ሕይወታቸው አለፈ፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ተይዘው በእስር ላይ ሞቱ። በእነዚህ ሰዎች ለቅሶ ድንኳን መትከል ቀርቶ ጥቁር መልበስም ያስጠረጥር ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲመጣ ገሚሱ ጂቡቲና የመን በረረ፣ ገሚሱ ካምፕ ገባ፤ ትናንት ሜዳልያ የተሸለመ ዛሬ «የደርግ ወታደር» ተባለ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አገር ስትወረር ደግሞ ከእነዚያው መካከል ተፈልገው ተጠሩ።

እውነት ለመናገር ግን ዝምታው የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የጓዶቹም ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች በትግራይ ሐውዜን የገበያ ቀን ገበያተኛውን ደብድበዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 2,500 ነው። ለገሠ ተፈራ ከሞቃዲሾ የተመለሱት ከዚህ በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ባንድ ክረምት አየር ኃይሉ ጀግናውን ተቀበለ፣ ሐውዜን ደግሞ ልጆቿን ቀበረች። በዚያ የሽማግሌዎች ረድፍ አጠገብ ባመሸሁበት ሌሊት ኦጋዴን ተነሣ፣ ኮንጎ ተነሣ፤ ሐውዜን አልተነሣም። ልጠይቅ ብዬ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁ። ለቅሶ ቤት ነበርና። አሁን ሳስበው ግን ቦታው እዚያው ነበር እላለሁ። ለወደቀ ጓዱ የሚያለቅስ ሰው በሱ ስኳድሮን ቦምብ ለወደቀ ገበያተኛም ማልቀስ ከቻለ እንባው ይበልጥ ይታመናል።

ምን ይደረግ?

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ለኢትዮጵያ የወደቁ የኩባ ወታደሮች ምስል ተቀርጾ ይታያል። እንግዳ ሆኖ ለሞተልን መልክ መስጠታችን ያስመሰግናል። ለራሳችን አየር ኃይል ሰዎችም እንዲህ ያለ አንድ ዝርዝር ሊዘጋጅ ይገባል። ከ1921 ዓ.ም. ወዲህ በግዳጅ የሞቱት፣ የጠፉት፣ በልምምድ የተከሰከሱት ሁሉ ይግቡበት፤ አብራሪውም ቴክኒሽያኑም፣ የንጉሡም የደርግም የኢሕአዴግም ሳይባል። ዝርዝሩ መንግሥት ሲለወጥ የሚፋቅ መሆን የለበትም።

ይህን ለመሥራት መዝገብ ቤት ብቻ አይበቃም። ዋናው መዝገብ በደብረ ዘይት ድንኳኖች ውስጥ የሚቀመጠው የሽማግሌዎች ረድፍ ነው። ማን ከማን ጋር ወጣ፣ ስንት ሄደው ስንት ተመለሱ የሚለውን በቃሉ የያዘው እሱ ነው። ያን ምሽት ሊነጋጋ ሲል ድንኳኑ እየተመናመነ ሄደ፤ እነሱ ግን አልተነሡም ነበር። አንዱ ከመሄዳቸው በፊት በረድፉ ያሉትን ጓደኞቻቸውን በዓይናቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። ልማድ ሆኖባቸው ነው። አግዳሚው ላይ ግን ከአምናው ይልቅ ሰፊ ቦታ ባዶ ነበር።