የማይታጠብ ገንዘብ

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚጓዝ መንገደኛ ገዋኔ ሲደርስ የአየሉ ተራራ ከሩቅ ይቀበለዋል። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ዐይኔን የሚስበው ከጅቡቲ ወደብ ጭነት አዝለው የሚወጡት ከባድ መኪኖች ሰልፍ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተቀስቅሶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በዚህ ጎዳና ላይ ነው። ዕቃ በሚያልፍበት ገንዘብ ያልፋል፤ ገንዘብ በሚያልፍበትም ኬላ አይጠፋም።

ኬላና ገንዘብ ለአፋር ምድር አዲስ አይደሉም። ከገዋኔ በስተሰሜን ርቆ በሚገኘው የዳሎል ረባዳ ምድር ጨው እየተፈለጠ፣ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌ የምንለው ይህ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት መገበያያ ሆኖ ኖሯል፤ ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጽፎለታል። አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የመንገዱ ድካምና የየኬላው ቀረጥ ያስወድዱታልና። የተሸረፈው በዐይን ይለያል፤ ከየት እንደመጣም ማንም ያውቃል። አሞሌን ሊያጥብ የሞከረ ሰው ደግሞ የሚተርፈው የጨው ውሃ ብቻ ነው።

የዘመናችን ገንዘብ ግን ይታጠባል። በጉቦ፣ በኮንትሮባንድ ወይም በሰው ንግድ የተገኘ ብር ከባንክ ወደ ባንክ፣ ከንግድ ወደ ቤት ግዢ ሲዘዋወር እድፉ ይለቅና የላብ ዋጋ ይመስላል። ሕጋችን ድርጊቱን «በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብ ወይም ንብረት ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ይለዋል። ስሙ ረጅም ነው፤ «አስመስሎ» የምትለዋ ቃል ግን ነገሩን ሁሉ ትጠቀልለዋለች። አዋጅ ቁጥር 657 በ2002 ዓ.ም.፣ እርሱን የተካው ቁጥር 780 ደግሞ በ2005 ዓ.ም. ወጡ።

ዛሬ የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ቀድሞ በማዕከል ስም የተቋቋመው ለዚሁ ሥራ ነው። እንደ ጥንቱ ኬላ ጠባቂ ጭነት አያስፈታም። ባንኮች ደንበኞቻቸውን እንዲያውቁ፣ ያጠራጠራቸውንም የገንዘብ እንቅስቃሴ ለባለጉዳዩ ሳይነግሩ እንዲያሳውቁ ሕጉ ያስገድዳል፤ አገልግሎቱም የደረሰውን መረጃ አገናዝቦ ፍንጭ ሲያገኝ ለሕግ አስከባሪዎች ያስተላልፋል። ይህ ጥበቃ ሲላላ ጉዳቱ አገራዊ ነው፤ ዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል በየካቲት 2009 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ጉድለት ካለባቸው አገሮች መዝገብ አስገብቷት፣ የወጣችው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. መንግሥት ሕገ ወጥ የገንዘብ ዝውውርንና ኮንትሮባንድን ለመግታት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ለውጦ የ3 ወር ጊዜ ሲሰጥ፣ እኔ ያሰብሁት ስለ ገዋኔ አርብቶ አደር ነበር። ፍየል ሸጦ ብሩን በሽርጡ ጫፍ የቋጠረ ሰው የገንዘቡን ምንጭ የሚያስረዳ ወረቀት የለውም፤ ምስክሮቹ ገዢውና ገበያው ብቻ ናቸው። ወረቀት አሟልቶ የሚመጣው አስመሳዩ ነው። የዘመኑ ኬላ ጠባቂ ፈተናም ይህ ይመስለኛል፤ ወረቀት የሌለውን ንጹሕ ሰው ሳያንገላታ፣ ወረቀቱ የሞላለትን ወንጀለኛ መለየት። አሞሌ የትውልድ ቦታውን በመልኩ ይናገር ነበር፤ ብር ግን የሚመሰክርለት ሰው ይፈልጋል።