የአሸናፊ ችሮታና የገበሬ መብት፦ ከደብረ ታቦር እስከ አንበሳሜ

የአገራችን የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ በአመዛኙ የሚተረከው ማን ማንን ድል እንደ ነሣ፣ ማን እንደ ነገሠና ማን እንደ ተሻረ ነው። በድሉ ማግሥት በገበሬው ደጃፍ ምን እንደ ተለወጠ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከጉና ተራራና ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በደራና በአንበሳሜ በኩል እስከ ዓባይ የሚዘልቀው የደቡብ ጎንደር ምድር የተመቸ ነው። ባለፉት 200 ዓመታት የተካሄዱት ታላላቅ የሥልጣን ፍልሚያዎች አብዛኞቹ በዚህ ምድር አልፈዋል፤ እያንዳንዳቸውም የገበሬውን መብት በየፊናቸው ለውጠው ሄደዋል።

በዘመነ መሳፍንት ደብረ ታቦር የየጁ ራሶች መናገሻ ነበረች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከሰሜን ዘምተው ራስ ዐሊን በዚያው በደብረ ታቦር ድል አደረጉ፤ ድላቸውን በማክበር ላይ ሳሉ ግን ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው፤ ሸሽተው የነበሩት ራስ ዐሊም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ እንደ ልዩ ገጠመኝ ይወራል። ለአካባቢው ገበሬ ግን የአሸናፊው ማንነት ብዙም ለውጥ አልነበረውም። ያ ሁሉ ጭፍራ ደመወዝ አልነበረውም፤ በየጎጆው እየተሰራ የሚበላው የገበሬውን እህል፣ የሚያርደው የገበሬውን ከብት ነበር። ገበሬው «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ብሎ ይመካ ነበር፤ ትውልዱን ቆጥሮ የሚያገኘውን መሬት ማንም በቀላሉ አይነሣውም። ከመሬቱ የሚያፍሰውን አዝመራ ለራሱ የማስቀረት ዋስትና ግን አልነበረውም። መሬቱ የርሱ፣ ምርቱ ግን የመጣው ሠራዊት ነበር።

ይህን ችግር በሚገባ የተረዱት በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ፤ ወታደሩ በገበሬው ላይ መሰራቱን ትቶ ደመወዝተኛ እንዲሆን ሞከሩ። ደመወዙ ከየት ይምጣ? ንጉሠ ነገሥቱ ዓይናቸውን በቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ጣሉ። ለእያንዳንዱ ደብር ሁለት ቄሶችና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፣ ከእነርሱ መተዳደሪያ የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። ሐሳቡ በ1848 ዓ.ም. ሲነሣ ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ ላይ ሲውልም ጠቡ የማይበርድ ሆነ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ታስረው በ1860 ዓ.ም. መቅድላ ላይ በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። የካህናቱ መሬት ከቄስ ጉሮሮ አልፎ የአብነት ትምህርት ቤቱን፣ ብራና ዳማጩንና የቆሎ ተማሪውን የሚያኖር ነበር። የንጉሡም ሐሳብ ገበሬውን ከዝርፊያ ለማውጣት የታለመ ነበር። ነገር ግን መሬቱን የሚያርሰውን ሰው ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ውጤቱም የታወቀ ነው። የካህናቱ ድጋፍ ጠፋ፣ አመፅ በዛ፣ የሚገብር አገር ጠበበ፤ ደመወዝ ይቆረጥለታል የተባለው ሠራዊት የበጌምድርን ገበሬ ወደ መዝረፍ ተመለሰ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ መቅድላ ጉዞ ሲጀምር፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻ፣ ደብረ ታቦር በንጉሡ ትእዛዝ ተቃጠለች። ገበሬውን ከወታደር ሊያድን የተነሣ መንግሥት ፍጻሜው ይህ ሆነ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ በደቡብ ጭሰኛውን ነፃ ሲያወጣ፣ በርስት አገር ግን ብዙው ገበሬ በጥርጣሬ ነበር የተቀበለው። ይሁን እንጂ እዚህም ያተረፉ ነበሩ፤ በርስት ሥርዓት መሬት ሲነፈጋቸው የኖሩት ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት ተሰጣቸው። ይህን ማቃለል አይገባም። ዳሩ ግን መሬት ያከፋፈለው የገበሬ ማኅበር፣ የሰሜኑ ጦርነት እየከፋ ሲሄድ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት መሠረት ወጣቱን እየቆጠረ የሚያስረክብ ሆነ። እህሉም በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ ይገባ ነበር። መሬት የሰጠው እጅ ልጅንና አዝመራን ወሰደ።

ቀጣዩ አሸናፊ ኢሕአዴግም የራሱን ድልድል ይዞ መጣ። የአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ባወጣው የመሬት ሽግሽግ አዋጅ መሠረት በልዩ ልዩ አካባቢዎች መሬት እንደገና ተከፋፈለ። መሬት አልባ ወጣቶችና ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ሴቶች የይዞታ ባለቤት ሆኑ፤ ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው። በሌላ በኩል በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሁሉ «ቢሮክራት»፣ በንጉሡ ዘመን ሹመት የነበራቸው «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባሉ ይዞታቸው ከአራት ጥማድ እንዳይበልጥ ተደረገ። ብዙዎቹ በጎረቤቶቻቸው ተመርጠው ያገለገሉ ተራ ገበሬዎች ነበሩ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤቱታቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ቢመጡም ሰሚ አላገኙም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ብሂል ከንጉሥ በኋላም ሠራ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ የተለየ ነገር አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ሙሉ ባለቤትነት አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ነገር ግን ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ፍርድ ቤት ቀርባ «ይኸው ስሜ» ለማለት አስችሏታል። መብት ከአሸናፊው በጎ ፈቃድ ወጥቶ ወደ ተጻፈ፣ ሊከራከሩበት ወደሚቻል ነገር ሲሸጋገር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲሁ ለታሪክ ያህል አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጉና ድረስ ዘልቆ ከባድ መሣሪያ ደብረ ታቦር ላይ ወድቋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀጣጠለው ውጊያ ደግሞ ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ መንገድ ቆርጧል፣ ገበሬውን ከሁለት ታጣቂ ወገኖች መካከል አስገብቶታል። ይህም አንድ ቀን ያበቃል። ያን ጊዜ የሚመጣው አስተዳደር ማንም ይሁን ማን፣ ገበሬውን «አንተ የማን ወገን ነበርክ?» ብሎ በመልሱ መጠን መሬት የሚሰፍርለት ከሆነ፣ ያለፉት 200 ዓመታት ምንም አላስተማሩንም ማለት ነው። የደብተሩ ዋጋ የሚለካው መንግሥት ሲለወጥ ሳይለወጥ በመቆየቱ ነው። ስለዚህ ስለ ሰላም የሚነጋገሩ ሁሉ ከሥልጣን ክፍፍሉ አስቀድመው አንድ ነገር ይስማሙ፦ ማንም ቢያሸንፍ የገበሬው ይዞታ የምርኮ ዕቃ አይሆንም።