ስሕተትን አንድ በአንድ ወይስ በአንድነት? የዝርዝር ማረጋገጫ ታሪክ በሃስኬል



የዛሬው ንግግሬ ትንሽ ስለሚመስል ጥያቄ ታሪክ ነው። 87፣ -3፣ 64 እና 105 የያዘ የፈተና ውጤት ዝርዝር ቀረበልን እንበል። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 100 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ -3ን እንዳገኘ ይቁም? ወይስ እስከ መጨረሻው ሄዶ ሁለቱንም ስሕተቶች ይንገረን?

ፊሊፕ ዋድለር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ አለመሳካትን በባዶ ዝርዝር፣ መሳካትን ውጤት በያዘ ዝርዝር መወከል እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ አሠራር አለመሳካት ሥራን የሚያቋርጥ ድንገተኛ ክስተት መሆኑ ቀርቶ ከፈንክሽን የሚመለስ እሴት ሆነ። ነገር ግን ባዶ ዝርዝር ምክንያቱን አይናገርም። ለዚህ «ወይ ስሕተቱ፣ ወይ ትክክለኛው እሴት» የሚል የዳታ ዓይነት ያስፈልጋል፤ በሃስኬል ይህ «አይዘር» ይባላል።

ቀጥሎ የሞናድ ዘመን መጣ። ዩጀኒዮ ሞጂ እ.ኤ.አ. በ1989 ጽንሰ ሐሳቡን ለፕሮግራሞች ትርጉም ጥናት አዋሉት፤ ዋድለር ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ፕሮግራም አጻጻፍ አመጡት። በሞናድ ቀጣዩ እርምጃ በቀደመው ውጤት ላይ ሊመሠረት ይችላል። ስለዚህ የቀደመው ከወደቀ ቀጣዩን ለማስኬድ የሚያስፈልገው እሴት የለም። ዝርዝራችንን በዚህ መንገድ ብንፈትሽ -3 ላይ እንቆማለን፤ 105 ሳይታይ ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው ኃይልን በመቀነስ ነው። ኮነር ማክብራይድና ሮስ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ከሞናድ የላላ መዋቅር አስተዋወቁ፤ ስሙም «አፕሊኬቲቭ» ነው። በዚህ መዋቅር አንዱ ፍተሻ የሌላውን ውጤት አይጠብቅም። ስለዚህ ስሕተቶች የሚጣመሩበት ስልት እስካለ ድረስ፣ ለምሳሌ ዝርዝርን ከዝርዝር በመቀጠል፣ ሁሉንም መሰብሰብ ይቻላል። በዚያው ጥናት የቀረበው «ትራቨርስ» ፍተሻውን በመላው ዝርዝር ላይ ያካሂዳል፤ በአይዘር ሲሠራ በመጀመሪያው ስሕተት ይቆማል፣ ስሕተት በሚሰበስብ ዓይነት ሲሠራ ግን -3ንም 105ንም ይዞ ይመለሳል። ይህ ሰብሳቢ ዓይነት ከራሱ አፕሊኬቲቭ ጋር የሚስማማ ሞናድ ሊኖረው አይችልም፤ ምርጫው የግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የጂኤችሲ ኮምፓይለር 7.10 ሞናድ የሆነ ሁሉ አፕሊኬቲቭም እንዲሆን ደነገገ፤ ትራቨርስንም በቋንቋው መነሻ ላይብረሪ ውስጥ አስገባ። ከታሪክ ቅደም ተከተል በኋላ የመጣው በመዋቅር መሠረት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት የላቀ ኃይል ያለው መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑን ነው። አንዱን ስሕተት አርሞ ሲመለስ ሌላ የሚነገረው ሰው የሚደክመው በፕሮግራም አዘጋጁ ምርጫ ነው። እርግጥ ነው፣ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ሳይለወጥ መጠኑ አይመዘንም፤ እዚያ ላይ መቆም ተገቢ ነው። ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ይህ ፍተሻ በእርግጥ የዚያኛውን ውጤት ይፈልጋል? የማይፈልግ ከሆነ፣ ሰውየው ስሕተቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ የማወቅ መብት አለው።