የነዳጅ ዋጋና የናይሮቢ ቤተሰብ

የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ማቆማቸውን፣ በዚያው ዕለትም መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪውን በመቃወም ማስተማር ማቆማቸውን የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የባለታክሲዎቹ ብሶት መነሻ የቤንዚን ዋጋ መናር ነበር። መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስ፣ የትምህርቱን ዕቅድ ገታ አደረገ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በየክፍላችን እናስተምረዋለን።

ለመሆኑ በዚያው ሰሞን በጎረቤታችን በናይሮቢ ምን ይደረግ ነበር? ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ተማሪ ብዙም አላጋጠመንም። የነዳጅ ዘይት ዋጋ የናረው በኛ ላይ ብቻ አልነበረም። በአውሮፓ አቆጣጠር በኦክቶበር 1973 የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት በተነሣ ጊዜ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ድፍድፍ ዋጋ፣ በጃንዋሪ 1974 መባቻ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ደረሰ። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኬንያ በ1963 ሥራ የጀመረ ማጣሪያ በሞምባሳ ነበራት እንጂ የሚጣራውን ድፍድፍ እንደኛው ከውጭ ነበር የምትገዛው። ሆኖም ናይሮቢ እንደ አዲስ አበባ አልተናወጠችም። ኬንያውያን ከኛ ይልቅ ታጋሾች ስለሆኑ ነው የሚለውን መልስ እንደ ታሪክ መልስ አንቀበለውም። በኛ አስተያየት ልዩነቱ ያለው የዋጋው ሸክም በወረደበት መንገድ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ሸክሙ በአንድ ቦታ ተከማቸ፤ በናይሮቢ ግን በብዙ ሺህ ጎጆዎች ላይ ተበትኖ ወረደ። የበተነውም ማታቱ የሚባለው መኪና ነው።

ናይሮቢ በ1899 የምድር ባቡር ሠፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን አውሮፓውያኑ በየአውቶሞቢላቸው ሲሄዱ፣ አፍሪቃዊው ሠራተኛ በምሥራቅ በኩል ከተመደቡለት ሠፈሮች ወደ ፋብሪካዎቹ አካባቢ በእግሩ ይመላለስ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የኬንያ አውቶቡስ አገልግሎት የተባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ፤ ከነጻነት በኋላም በ1966 የከተማው ምክር ቤት ከአክሲዮኑ 25 በመቶ ይዞ የከተማውን ትራንስፖርት በብቸኝነት እንዲያካሂድ ፈቀደለት። ሕዝቡ ግን ከአውቶቡሶቹ ይበልጥ ፈጥኖ በዛ። በ1969 ቆጠራ 500 ሺህ ጥቂት ያለፈው ነዋሪ በ1979 ከ800 ሺህ በላይ ሆነ። ክፍተቱን የሞሉት አሮጌ የቤትና የጭነት መኪና እየገዙ ሰው ማመላለስ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። ፈቃድ ስላልነበራቸው ፖሊስ ሲያዩ ይሸሹ ነበር። የሚያስከፍሉት 3 ባለ 10 ሳንቲም ነበርና ማታቱ የሚለው ስም የመጣው «ሦስት» ከሚለው ቃል ነው ይባላል። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እነዚህ መኪናዎች ያለ ልዩ ፈቃድ መንገደኛ እንዲጭኑ በትእዛዝ ፈቀዱላቸው።

እንግዲህ የነዳጁ ቀውስና የማታቱ ሕጋዊነት በአንድ ዓመት ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው። የአዲስ አበባው ባለ ሴይቼንቶ የሚያስከፍለው ዋጋ የተወሰነ ስለ ነበር፣ በቤንዚን ማደያውና በታሪፉ መካከል ተጨንቆ ተያዘ፤ መውጫ ያገኘውም መኪናውን አቁሞ አቤት በማለት ነው። የማታቱ ዋጋ ግን ቋሚ አይደለም። ማካንጋ የሚሉት ረዳት በር ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ይጨምራል፤ ቀትር ላይ ይቀንሳል፤ ዝናብ ሲጥል መልሶ ይጨምራል። ቤንዚን በሊትር ጥቂት ሳንቲም ሲጨምር ያ ጭማሪ በዚያው ቀን ማታ በመንገደኛው ኪስ ውስጥ ይገኛል። ባለመኪናው መንግሥትን የሚከስበት፣ መንገደኛውም ተሰብስቦ የሚጮህበት ቀን አይኖርም። እያንዳንዱ ለብቻው ከረዳቱ ጋር ተከራክሮ፣ ወይ ከፍሎ ወይ ወርዶ ይሄዳል።

ወርዶ የሚሄደው ሰው በታሪክ መጻሕፍት አይገኝም። ከኪቤራና ከማታሬ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካዎቹ የሚሄደው ሰው የሳንቲሟን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ሒሳቡም እንዲህ ነው። የቤት ኪራይ አይቀነስም፤ የትምህርት ቤት ክፍያም አይቀነስም፤ የሚቀነሰው መጀመሪያ ትራንስፖርት ነው፤ ጠዋት ተሳፍሮ ማታ በእግር መመለስ፣ ኋላም ጠዋትም ማታም በእግር መሄድ ይመጣል። በ2013 በናይሮቢ የተካሄደ የትራንስፖርት ጥናት በከተማዋ ከሚደረጉት ጉዞዎች ከ4 ዐሥረኛ የሚበልጠው በእግር የሚደረግ መሆኑን አሳይቷል። ቀጥሎ የሚነካው ገበታው ነው። የበቆሎው ዱቄት ከስምጥ ሸለቆው ደጋ በናፍጣ መኪና ተጭኖ ስለሚመጣ፣ መኪና ኖሮት የማያውቀውም ቤተሰብ በየዱቄቱ ኪሎ የናፍጣ ዋጋ ይከፍላል። የናይሮቢ ሰው ከዱቄቱ ገንፎ ጋር የሚበላውን ጎመን «ሱኩማ ዊኪ» ይለዋል፤ «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ነው። የድኻ ቤት በጀት በሁለት ቃል ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ምድጃውም ከዚህ ሒሳብ አይወጣም። በ1979 የኢራን አብዮት ሲነሣ የድፍድፍ ዋጋ እንደገና ከእጥፍ በላይ ወጣ። ኬንያ በ1976 እና በ1977 በብራዚል ውርጭ ምክንያት ከተወደደው ቡናዋ ያገኘችው ትርፍ የመጀመሪያውን ቀውስ አቅልሎላት ነበር፤ ሁለተኛው ሲመጣ ግን የቡናው ዘመን አልፏል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ ከሰል ቆጣቢ ምድጃ በናይሮቢ ገበያ ወጣ፤ በቆርቆሮ ቀጥቃጮችና በሸክላ ሠሪዎች እጅም በፍጥነት ተስፋፋ። በነገራችን ላይ በአገራችን «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ከዚሁ ከኬንያው ምድጃ የተወረሰ ነው።

ነጭ ጋዝ ለሚያነድደው ቤት ግን ሌላ ጣጣ መጣበት። ዋጋው ለድኻው ሲባል ዝቅ ተደርጎ ይያዝ ስለ ነበር፣ አንዳንድ ነጋዴዎች ርካሹን ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ጋር እየቀላቀሉ ይሸጡት ጀመር። መንግሥት ይህን ለማስቆም በ2018 በእያንዳንዱ ሊትር ነጭ ጋዝ ላይ 18 ሽልንግ ቀረጥ ጣለ። ማጭበርበሩ የነጋዴው፣ ቅጣቱ የባለ ኩራዙ ሆነ።

ስለ መዝናኛ የታሪክ ሰዎች ብዙም አይጽፉም። ይሁን እንጂ መኪና ያለው ቤተሰብ ቤንዚን ሲወደድ ቀድሞ የሚተወው የእሑዱን ሽርሽር ነው። በ1970ዎቹ በናይሮቢ ዳርቻ «ፎክስ» እና «ቤል ቪው» የሚባሉ፣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ፊልም የሚያይባቸው ሰፋፊ ሜዳዎች ነበሩ። ኋላ ሁለቱም ተዘግተዋል፤ እርግጥ ቪዲዮም አለበትና ሁሉን በቤንዚን ማሳበብ አይገባም። በአንጻሩ በ1974 የሞንቴ ካርሎ የአውቶሞቢል እሽቅድምድም በነዳጁ ቀውስ ምክንያት ሲሠረዝ፣ ሳፋሪ ራሊ በፋሲካ ሰሞን እንደ ወትሮው ከናይሮቢ ተነሥቷል። ያሸነፈውም ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ነው፤ የነዳውም ትንሽ ሚትሱቢሺ ኮልት ላንሰር ነበር። ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ቆሞ ያለ አንዳች ክፍያ ተመለከተው። አብዛኛው የናይሮቢ ሰው ለመዝናናት የሚያወጣው ገንዘብ ግን ሌላ ነው፤ ለገና ወደ ትውልድ ቀዬው ሄዶ ዘመድ የሚጠይቅበት የመሳፈሪያ ዋጋ ነው። በበዓል ሰሞን እርሱም ይንራል፤ የዓመቱን ናፍቆት በኪሱ ልክ የሚወስን አባወራ ጥቂት አይደለም።

የመኪናውም ምርጫ ከዋጋው ጋር አብሮ ተለውጧል። ቀድሞ የኬንያን መንገድ ትችላለች ተብላ የምትወደደው ፔዦ 404 ነበረች። ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ የጃፓን መኪናዎች ገበያውን ያዙ፤ ዛሬ ከጃፓን አገልግሎ የሚገባው ቶዮታ ቪትዝ፣ ፕሮቦክስና ማዝዳ ዴሚዮ በየመንገዱ ይታያል። ሕጉ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና እንዳይገባ ይከለክላል። በ2008 በአነስተኛ ሞተር ብስክሌት ላይ የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲነሣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ከተማውን አጥለቀለቀው። ከ2022 ጀምሮም በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አውቶቡሶች በናይሮቢ መንገዶች ሥራ ጀምረዋል፤ ኬንያ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታመነጨው ከምድር እንፋሎት፣ ከውሃና ከነፋስ ነውና አሳቡ መሠረት አለው። አገራችን ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

የቤንዚኑን ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነው? ኬንያ እስከ 1994 ድረስ ዋጋውን ራሷ ስትወስን ቆይታ ለገበያው ለቀቀችው፤ በ2010 መጨረሻ ግን ጣሪያ ማበጀት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ በ14ኛው ቀን አዲሱ ዋጋ ይነገራል፤ ባለማታቱውም ሻይ ሻጯም ያን ቀን ይጠብቃሉ። በጁላይ 2023 በነዳጅ ላይ የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ አለ። በሴፕቴምበር የናይሮቢ ቤንዚን በሊትር 211 ሽልንግ ከ64 ሳንቲም፣ በኦክቶበር 217 ሽልንግ ከ36 ሳንቲም ሆነ። ነጭ ጋዝም 205 ሽልንግ አለፈ፤ ለድኻው ሲባል ርካሽ የነበረው ነዳጅ ከናፍጣ ዋጋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጠመ።

በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ መልኩን ለወጠ። የ2024 የገንዘብ ሕግ ረቂቅ መጀመሪያ በቀረበበት መልኩ በዳቦም በመኪናም ላይ ታክስ የሚጥል ነበር። ተበትኖ የኖረው ሸክም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲታይ ወጣቶቹ ጁን 25 ቀን ፓርላማው ግቢ ድረስ ገቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ፕሬዚዳንቱ በማግሥቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። በጁላይ ግን በእያንዳንዱ ሊትር ቤንዚንና ናፍጣ ላይ የሚከፈለው የመንገድ ጥገና ቀረጥ ከ18 ወደ 25 ሽልንግ አደገ፤ ለዚህ አዲስ የገንዘብ ሕግ አላስፈለገም።