ይማም የሚለው ስም ከየት መጣ?

በሐይቅ ገበያ ወይም በአምባሰል መንደሮች «ይማም!» ብለህ ብትጣራ ዞር የሚል ሰው አታጣም። ስሙ ከይመር ጎን ሲጠራ የአማርኛ ግስ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዐረብኛው «ኢማም» ነው፤ ከፊት የሚቆም፣ ሌላው የሚከተለው መሪ ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ለሰዎች ኢማም እንደሚያደርጋቸው የነገራቸው በሱረቱል በቀራህ 124ኛው አንቀጽ ነው። በአማርኛ አፍ በ«ኢ» የሚጀምር ቃል አንዳንዴ «ይ» ይሆናል። ኢብራሂምን ሲያቆላምጡ ይብሬ የሚያሰኘው ይኸው ነው።

በወሎ ቃሉ ማዕረግም ነበር። የወረ ሂመኖ ገዢዎች ኢማም ይባሉ ነበር። በየጁ ደግሞ የራስ ጉግሳ ልጅ ራስ ይማም ከ1825 እስከ 1828 (እ.ኤ.አ.) በደብረ ታቦር እንደራሴ ሆነው ገዝተዋል። ልብ በል! ራስ ይማም በይፋ ክርስቲያን ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ ራስ ዓሊም እንዲሁ። ሃይማኖቱ ቢለወጥም የሙስሊም አያቶች ስም ከቤቱ አልወጣም።

በ1878 (እ.ኤ.አ.) ነገሩ ተገላበጠ። ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን መሪዎች ክርስትና እንዲነሱ አስገደዱ። ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል፣ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። እዚህ የተነካው እምነት ብቻ አልነበረም፤ ስምም አብሮ ተወሰደ። የኢማምነቱ ማዕረግ ከገዢዎቹ ቤት ወጣ። ገበሬው ግን ልጁን ይማም ማለቱን አልተወም።

ዛሬም ስሙ በሁለቱም ወገን የዘር ሐረግ ውስጥ አለ። «የአማርኛ ሰዋስው»ን በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት ምሁር ባዬ ይማም መሆናቸው ደስ ይለኛል፤ አማርኛ የራሱ ያደረገው የዐረብኛ ቃል በአማርኛ ሰዋስው ሽፋን ላይ! ከአገራችን ውጭም በኢንዶኔዥያ ኢማም የወንድ ልጅ መጠሪያ ነው። በቱርክ ኢማምኦግሉ፣ «የኢማም ልጅ»፣ የቤተሰብ ስም ነው። ግብጻዊውን ተዋናይ ዓዲል ኢማምንም ታውቀዋለህ።

አንዳንድ ወጣት አባቶች «ይማም የተበላሸ ነው፣ እናርመው» ይላሉ። ለሚወለደው ልጅህ ኢማም ብትል መብትህ ነው። ትርጉሙን ግን «ይ» አላጠፋውም። የአባትህን ስም ካረምከው ደግሞ በትምህርት ማስረጃህ ይማም፣ በፓስፖርትህ ኢማም ይሆንና ለሐጅ ስትመዘገብ ሁለት አባት ያለህ ትመስላለህ። አያትህን እናታቸው ይማም ብለው ከጠሯቸው፣ ወረቀቱም ይማም ይበል።